ርካሽ ጊታር የጎደለው እንጨት አይደለም

የመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ጊታራችሁን ልትገዙ ነው እንበል። ብር አጠራቅማችኋል፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ስመጣ ምን ላምጣልህ?» ብሎ ጠይቋል። ምክር መጠየቅ ስትጀምሩ የምትሰሙት ነገር የታወቀ ነው፦ «እንጨቱን እዩ»፣ «ርካሹን እንዳትገዙ፣ ቆርቆሮ ነው የሚመስለው»፣ «ስም ያለው ይሁን»። ሻጩም የሚያወራው ስለ ቀለሙ፣ ስለ እንጨቱና ስለ ስሙ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ምክር ይተቻል። ምክሩ ከነጭራሹ ውሸት ነው ለማለት አይደለም፤ የጀማሪን ብር ወዳልሆነ ቦታ ስለሚልክ ነው። ጉዳዩ ደሞ ከብር ያልፋል። በደንብ ያልተስተካከለ ጊታር የያዘ ጀማሪ ጥፋቱን የሚፈልገው ራሱ ላይ ነው። «ጣቴ ደካማ ነው፣ ጆሮም የለኝም» ይልና ከጥቂት ወራት በኋላ ጊታሩ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የጣትም የጆሮም አይደለም፤ የግማሽ ሚሊሜትር ነው። እስቲ እንየው።

ፒክአፑ የሚከታተለው ብረት ነው

ክራር ላይ ወይም ተራው አኩስቲክ ጊታር ላይ ክሩ ብቻውን ብዙ አየር አያንቀሳቅስም፤ ድምፁን የሚያጎላው ሳጥኑ ነው። እዚያ ላይ ሳጥኑ ከምን እንደተሠራ መጨነቅ ተገቢ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ከክሮቹ ሥር ያለው ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው በሺዎች ለሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ በጥቅልሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት መስክ ይለዋወጣል፤ በዚህ ምክንያት ሽቦው ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ፊዚክስ ክፍል የተማራችሁት የፋራዳይ ሕግ እኮ ነው። ብረት በሌለበት የናይለን ክር ብትገጥሙ ከአምፕሊፋየሩ ይህ ነው የሚባል ድምፅ አይወጣም።

ታሪኩም ይህንኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው የሪከንባከር ኤሌክትሪክ ጊታር አካሉ የአሉሚኒየም ነበር። ቅርጹን አይተው «መጥበሻው» ብለውታል። ከመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሪክ ጊታሮች አንዱ እንጨት ሳያስፈልገው ነው ሥራውን የጀመረው ማለት ነው።

እንጨት ምንም ሥራ የለውም እያልኩ ግን አይደለም። ክብደቱ ትከሻችሁ ላይ ይታወቃል፤ የአንገቱ እንጨት በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል። ነገር ግን አካሉ ፖፕላር ይሁን አልደር የሚለው ክርክር ለጀማሪ የመጨረሻው ጥያቄ መሆን ሲገባው የመጀመሪያው ሆኗል።

ታዲያ ዋጋው የቀነሰው ከየት ላይ ነው?

ከሰው ሰዓት ላይ። የፍሬቶቹ ቦታ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬት የክሩን ርዝመት ለ1.0595 ገደማ ያካፍለዋል። ይህን ቁጥር 12 ጊዜ ብታባዙት 2 ይመጣል፤ ለዚህ ነው 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ግማሽ ሆኖ ድምፁ አንድ ኦክታቭ የሚወጣው። ዛሬ ይህንን በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን ርካሹም ውዱም ጊታር ላይ በትክክል ይሠራዋል። ማሽን በርካሽ የማይጨርሰው የሞረድ ሥራውን ነው፦ ፍሬቶቹን እኩል ማድረግ፣ ጫፋቸውን ማለስለስ፣ ክሮቹ የሚያርፉበትን ጭረት በትክክለኛው ጥልቀት መሞረድ። ይህ በእጅ፣ በሰለጠነ ሰው፣ ጊዜ ተወስዶ የሚሠራ ነው። ፋብሪካው ዋጋ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቀንሰው ይህንን ሰዓት ነው።

አንዷን ቦታ ብቻ እንውሰድ። በአንገቱ ጫፍ፣ መቃኛዎቹ አጠገብ፣ ስድስት ጭረት ያላት ትንሽ ቁራጭ አለች፤ ነት ትባላለች። ጭረቱ በጣም ከጠለቀ ክሩ ፍሬቱን እየነካ ይንጫጫል፤ ቁራጯም መቀየር አለባት። ከፍ ብሎ ከቀረ ግን ሱቅ ውስጥ ማንም አያስተውለውም። ስለዚህ የቸኮለ ፋብሪካ ከፍ አድርጎ መተው ይቀለዋል።

ከፍ ማለቱ ምን ያመጣል? የክሩ ርዝመት 648 ሚሊሜትር በሆነ ጊታር ላይ የመጀመሪያው ፍሬት ከነቷ 36.4 ሚሊሜትር ይርቃል። ክሩ ከፍሬቱ በላይ 1 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ስትጫኑት ወደ 0.015 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ኢምንት ትመስላለች። ብረት ግን ሲለጠጥ ውጥረቱ ቶሎ ነው የሚጨምረው። ሦስተኛው ክር 0.016 ኢንች ውፍረት ያለው ከሆነ፣ ሳሰላው ድምፁ ከ7 እስከ 8 ሴንት ይወጣል፤ 100 ሴንት አንድ ሴሚቶን ነው። በጣም ቀጭኑ የ0.009 ኢንች ክር ላይ ግን ያው ከፍታ ሦስት ሴንት እንኳ አይሞላም። ይህ ሁሉ ጣት ከፍሬቱ ጀርባ የሚጨምረውን ግፊት ሳይቆጥር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ክሮቹ የሚስቱት በተለያየ መጠን ስለሆነ መልሶ በመቃኘት አይስተካከልም። አንዱን ኮርድ ስታርሙ ሌላው ይበላሻል፤ ጀማሪው ቀኑን ሙሉ ሲቃኝ ይውላል። ሁለተኛ፣ ስህተቱ የሚያድገው በከፍታው ስኩዌር ነው። ከፍታው ከ1 ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ሲወርድ ስህተቱ ወደ ሩብ፣ ማለትም ወደ 2 ሴንት ገደማ ይወርዳል። ሠላሳ ደቂቃ የማይፈጅ የሞረድ ሥራ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

ከኛ መሣሪያዎች ጋር ብታወዳድሩት ነገሩ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ማሲንቆ ፍሬት የለውም፤ ጣት ቢስት ጆሮ ያርመዋል። ክራር ላይ እያንዳንዱን ክር ለትዝታ ወይም ለባቲ ራሳችሁ ትቃኙታላችሁ። ጊታር ላይ ግን ድምፁ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ የወሰነላችሁ የሠራው ሰው ነው። እሱ ከሳተ የእናንተ ጆሮ ጥሩ መሆኑ ስህተቱን ቶሎ ከማወቅ በቀር የሚፈይደው የለም።

ሁለት ጊታሮች በሚዛን

በዚህ መለኪያ ጀማሪዎች በብዛት የሚመከሩትን ሁለት ጊታሮች እንያቸው። አንደኛው የስኳየር ሶኒክ ስትራቶካስተር ነው። ስኳየር የፌንደር ርካሽ ስም ነው። አካሉ ፖፕላር ነው፣ ፒክአፖቹ በሴራሚክ ማግኔት የተሠሩ ሦስት ነጠላ ጥቅልሎች ናቸው። ሁለተኛው የያማሃ ፓሲፊካ 112ቪ ነው፤ አካሉ አልደር፣ ማግኔቶቹ አልኒኮ፣ ከብሪጁ አጠገብ ያለው ፒክአፕ ደሞ ሀምበከር ነው። ዋጋው ከሶኒኩ ይበልጣል።

የልዩነቱ ትርጉም ያለው ክፍል ሀምበከሩ ነው። ነጠላ ጥቅልል እንደ አንቴና ሆኖ በቤታችን ሽቦ ውስጥ ያለውን የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ይለቅማል። ሀምበከር በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሠሩ ሁለት ጥቅልሎች ስላሉት የሁለቱ ጉምጉምታ ይጣፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ባልተስተካከለ ቤት ውስጥ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። አልደርና ፖፕላር ተብሎ ለሚጨመረው ብር ግን ለጀማሪ ምክንያት አይታየኝም። የእጅ ሥራውን በተመለከተ ሁለቱም ላይ የምታገኙት ጊታር እንደ ዕድላችሁ ነው፤ ያው ሞዴል ሆኖ አንዱ የተስተካከለ፣ አንዱ ያልተስተካከለ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ትችቴ የሚንቀሳቀሰው ብሪጅ ላይ ነው፤ በእጀታ ተጭነው ድምፁን የሚያወዛውዙበት። እንዲህ ያለ ብሪጅ በክሮቹ ውጥረትና ከኋላ ባሉ ስፕሪንጎች መካከል ሚዛን ጠብቆ ሊንሳፈፍ ይችላል። ሲንሳፈፍ አንዱን ክር ብትወጥሩ ሚዛኑ ይዛባና ሌሎቹ አምስቱ ይወርዳሉ። ገና መቃኘት ለሚማር ሰው ይህ ፈተና ነው። ሶኒክ ብሪጁ የማይንቀሳቀስ ዓይነትም አለው። እኔን ብትጠይቁኝ ለመጀመሪያ ጊታር እሱን እመርጣለሁ፤ ከፓሲፊካው ጋር ያለውን የዋጋ ልዩነት ደሞ ለማስተካከያ አውለዋለሁ።

ሻንጣ ውስጥ የሚመጣው አምፕ

ጊታር፣ አምፕሊፋየር፣ ገመድና ቦርሳ አንድ ላይ የሚሸጥበት «ሙሉ ፓኬጅ» ያጓጓል። ችግሩ አንዱ ዕቃ በረከሰ ቁጥር ሌላውም አብሮ መርከሱ ነው፤ ለማስተካከያ የሚሆን ብር ደሞ አይተርፍም። ከውጭ ለምታስመጡ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። ጊታሩ ራሱ ሶኬት ላይ ስለማይሰካ ከየትም ቢመጣ ችግር የለውም። አምፑ ግን ከአሜሪካ ከመጣ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የኛ መስመር 220 ቮልት ነው። ሶኬት ቀይራችሁ ብቻ ብትሰኩት ፊውዙ ወይም ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ዘመዳችሁ ከመግዛቱ በፊት የአምፑን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። «100–240» የሚል ከሌለበት እዚያው ይቅር፤ አምፑን እዚሁ ብትገዙ ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ አሥር ደቂቃ

ለፈተናው የሚያስፈልጋችሁ ስልካችሁ ላይ የተጫነ ቲዩነርና ትንሽ ማስመሪያ ብቻ ነው። ሻጩ ቢያጉረመርም አትፍሩ፤ ገንዘቡ የናንተ ነው።

1. ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ከመጀመሪያው ፍሬት በላይ ያለውን ክፍተት እዩ። የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ከሆነ ነቷ ጥሩ ናት። ሰፋ ካለ ከላይ ያወራነው ችግር አለ።

2. ክሩን በትክክል ቃኙና የመጀመሪያውን ፍሬት ለስለስ አድርጋችሁ ተጭናችሁ ምቱ። ቲዩነሩ ብዙ ሴንት ወደ ላይ ካሳየ ያው ነቷ ናት። ሦስተኛው ክር ላይ መሞከር አትርሱ።

3. 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ ምቱ፤ ቀጥሎ ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱ ካልተስማሙ ብሪጁ ላይ ያለው የክሩ ማረፊያ መንቀሳቀስ አለበት። ይህ በካቻቢቴ የሚስተካከል ስለሆነ አትደንግጡ።

4. 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ለኩ። ከ1.6 እስከ 2 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። ከዚያ ከበለጠ ብሪጁ ዝቅ ሊል ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

5. እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ምቱ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚንጫጫ ወይም የሚሞት ድምፅ ካለ ፍሬቶቹ እኩል አይደሉም። ይሄ ውድ ጥገና ስለሆነ ሌላ ጊታር ይምጣላችሁ በሉ።

6. እጃችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ አንሸራትቱ። የሚቧጭር ከሆነ የፍሬቶቹ ጫፍ አልተሞረደም።

ከስድስቱ አብዛኛው በማስተካከል ይድናል። ስለዚህ በጀታችሁን ስታወጡ ሁሉንም ለጊታሩ አትስጡ፤ ለማስተካከያና ለአዲስ ክር የሚሆን አስቀሩ። በአካባቢያችሁ ጊታር የሚያስተካክል ሰው ካለ ከመግዛታችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁት። ስትቃኙ ክሩ ነቷ ላይ እየያዘ ድንገት ጠቅ እያለ የሚለቅ ከሆነ ደሞ ጭረቱን በተራ እርሳስ ቀቡት። ግራፋይቱ ሰበቃውን ይቀንሳል።

ማስተካከያው ለአንዴም አይደለም። እንጨት በበጋ ደረቅ አየር ይሸማቀቃል፣ በክረምት እርጥበት ያብጣል። የአንገቱ ቅስት ከወቅት ወቅት ትንሽ ይለዋወጣል፤ አንገቱ ውስጥ ያለችው የብረት ዘንግ የተቀመጠችው ይህንን ለማረም ነው። ጊታሩ ተበላሸ ማለት አይደለም።

እንዲያውም ይህ መሣሪያ ከመጀመሪያውም ለካቻቢቴ የተሠራ ነው። ሊዮ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ስትራቶካስተር አንገቱ በአራት ብሎን የሚፈታ፣ እያንዳንዱ ክር ለብቻው የሚስተካከል ነበር። ዛሬ በርካሽ የምትገዙት ጊታር የዚያ ንድፍ ልጅ ነው። ውዱን የሚበልጠው ነገር የለውም፤ ግን ውዱ ላይ የተከፈለበትን ሰዓት እናንተ ልትጨምሩበት ትችላላችሁ።

ስለዚህ ጣታችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ለኩ። ልኬቱ ትክክል ሆኖ ድምፁ ካላማረ፣ ያኔ ልምምድ ብቻ ነው የሚቀረው። እሱን ደሞ ማንም ሱቅ አይሸጠውም።