የሰረቀውና የፋቀው፤ የኮልፌ ሚሞሪ ጫኚዎች በሂስ ዐይን

የብራና መጽሐፍ ገልጦ የሚያውቅ ሰው መጨረሻው ላይ የሚገጥመውን ውግዘት አይዘነጋውም። መጽሐፉን የሰረቀውም፣ ጽሑፉን የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛሉ። የገለበጠውን ግን አያነሣውም። እንዴት ያነሣዋል? ቁም ጸሐፊው ራሱ ገልባጭ ነው። እንዲያውም የጻፈው፣ ያጻፈው፣ ያነበበውና የሰማው በአንድ ትንፋሽ ይመረቃሉ። ስለ ቅጂ መብት በአገራችን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የመጀመሪያውን ጥፋት ይዞ ሁለተኛውን ረስቶታል። ገልባጩን ከሌባው ጋር አንድ ላይ ያስርና ፋቂውን በነፃ ያሰናብታል።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ከአየር ጤና እስከ አጠና ተራ፣ በሞባይል ዕቃ መሸጫዎች በር ላይ «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ወረቀት ለዓመታት ተለጥፎ ኖሯል። ቴሌግራም በየኪሱ ከገባ ወዲህ ደንበኛው ሳሳ እንጂ አልጠፋም። ባለ ሱቁ ከቴሌግራም ያወርዳል፣ ሚሞሪ ላይ ይጭናል፤ ከመርካቶ ቃል ብንዋስለት ጫኝና አውራጅ ነው። በሕግ ፊት ደግሞ ወንጀለኛ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ ማባዛትን ቢፈቅድም፣ ሆን ብሎ መብት የጣሰን ሰው በእስራት ይቀጣል። በሂስ ፊትስ ምንድን ነው? ይህን የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

አንድ ከሰዓት አጠና ተራ አካባቢ ካለች ጠባብ ሱቅ ቆሜ ሥራውን አየሁ። አንድ የሚኒባስ ሾፌር ካርዱን ሲያቀብለው ጫኚው መጀመሪያ «ስንት ጊጋ ነው?» አለ። ቀጥሎ «በምንድን ነው የምትሰማው?» ሲል ጠየቀ። ሁለተኛው ጥያቄ ለወሬ ያህል መስሎኝ ነበር። ለካ ሚሞሪ ከሚጎርሱት ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ዘፈኖችን በፊደል ተራ አያሰሙም፤ ካርዱ ላይ ቀድሞ የተጻፈው ቀድሞ ይሰማል። ስለዚህ ጫኚው ሁሉንም በአንዴ መርጦ አይለጥፍም። አንድ በአንድ፣ እንዲሰሙ በሚፈልገው ቅደም ተከተል ይገለብጣቸዋል። ለጠዋት የሚሆነውን ከፊት አደረገ፤ አንድ መዝሙር፣ አንድ መንዙማ። «ተሳፋሪው ሁለቱም ነዋ» አለኝ። ከዚያ የጉራጊኛ ጭፈራ መጣ፤ ትዝታ ወደ መጨረሻው፣ ወደ ማታው ሰልፍ ሰዓት ተገፋ። ከአንድ ድምፃዊ ሁለት ዘፈን አላከታተለም። ከጭፈራው ወደ ትዝታው መውረጃው ገደል እንዳይሆንም መሃሉ ላይ ረጋ ያሉ ሁለት የባቲ ዘፈኖች ሸጎጠ።

ይህ መምረጥ ነው፤ መምረጥ ደግሞ የሂስ የመጀመሪያ ሥራ ነው። የሙዚቃ ሂስ በጋዜጦቻችን ላይ በሳሳበት ዘመን የትኛው ዘፈን ከየትኛው ጎን መቆም እንዳለበት በየቀኑ ሲወስን የኖረው ይህ ሰው ነው። የመድበል አዘጋጅ ብዬ ብጠራው አላፍርም። አንዳንድ የሬዲዮ ፕሮግራሞች የእሱን ያህል ቢጠነቀቁ ደስ ባለኝ።

ሕግን መጣስና ጥበብን ማቆየት በእኛ ታሪክ ከዚህ በፊትም ተገናኝተዋል። ሸክላ የማሳተም መብት እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ድንጋጌውን ገፍቶ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ህንድ አሳትሞ አስመጣ። እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ከ100 በላይ ሸክላዎች ያወጣው አምሃ ሬከርድስ ዛሬ «ወርቃማ» የምንለው ዘመን መዝገብ ሆኗል። የበዓሉ ግርማ ልቦለድ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ሲሰበሰብም፣ ከአንባቢ ያልለየው ከእጅ ወደ እጅ ያለፈው ቅጂ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሚሞሪ ሲተላለፍ ኖሮ አጠና ተራ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ «ትረካ» በሚል ፎልደር ተቀምጧል። ጫኚው ከወጋየሁ ሞት በኋላ የተወለደ ልጅ ነው። እሱን ሌባ ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

እስከዚህ ድረስ ጠበቃው ነኝ። ለራሴ ያስጫንኩትን ካርድ ቤት ወስጄ ኮምፒውተር ላይ ስከፍት ግን ነገሩ ተለወጠ። «ትራክ 03»። «አሪፍ የድሮ»። «ሰርግ 2 አዲስ»። ከጥቂቶቹ ፋይሎች ፊት ደግሞ የማላውቀው ሱቅ ስልክ ቁጥር ተለጥፏል፤ ከሱቅ ሱቅ ሲገለበጥ መጥቶ መሆን አለበት። የድምፃዊው ስም በግማሹ ላይ አለ። የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲው፣ የአቀናባሪው ስም ግን ከናካቴው የለም። በካሴት ዘመን ከሽፋኑ ውስጥ የምትታጠፍ ወረቀት ነበረች፤ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ብላ በረድፍ የምትዘረዝር። እርግጥ እሷም ንጹሕ አልነበረችም። የማን እንደሆነ ለማጣራት ያልተለፋበትን ዜማ «የሕዝብ» እያለች ታልፍ ነበር፤ ስለ ሌብነት አብዝተው ከሚጮኹት አሳታሚዎች መካከልም ድምፃዊውን በቁርጥ ገንዘብ ሸኝተው ትርፉን ለብቻቸው የያዙ አሉ። ቢሆንም ወረቀቷ መዝገብ ነበረች። ሚሞሪው መዝገቡን በልቶታል።

በዘፈን ቅደም ተከተል ላይ ያን ያህል የሚጨነቅ ሰው በስም ላይ ይህን ያህል ግድ የለሽ መሆኑን ስንፍና ብዬ ላልፈው አልችልም። አንድን ዜማ ከየትኛው ጎን እንደሚያስቀምጥ የሚያውቅ ጆሮ ዜማውን የሠራ ሰው እንዳለም ያውቃል። እያወቀ ፍቋል።

ይህ ደግሞ የገንዘብም ጉዳይ ነው። የቅጂ መብት አዋጁን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ሮያልቲ በጋራ አስተዳደር ማኅበራት በኩል ተሰብስቦ ለባለመብቶች እንዲከፋፈል መንገድ ከፍቷል። በ2011 ዓ.ም. «አውታር»፣ ከእሱም በኋላ «ሰዋሰው» ሙዚቃን በስልክ ለመሸጥ ተነሥተዋል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ከአውታር መሥራቾች አንዱ የነበረው ኤልያስ መልካ ውጤቱን ሳያይ በጥቂት ወራት ውስጥ ማለፉ ዛሬም ይቆጨኛል። ነገር ግን ሮያልቲ የሚከፈለው ስም ላለው ሰው ነው። የተሰረቀ ገንዘብ ባለቤቱ እስከታወቀ ድረስ ቢዘገይም ይመለሳል፤ ስሙ ለተፋቀ ገጣሚ የሚከፍል ቢመጣ እንኳ ለማን ይቆጥራል? አዋጁ የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅን መብት ከገንዘቡ ለይቶ የሞራል መብት ብሎ ቢደነግግም፣ በዚህ በኩል ሲጮህ የሰማሁት ጥቂት ሰው ነው።

አሮጌ ካሴቶች ቤትዎ ካሉ ክሩ ቢበጠስም ወረቀቱን አይጣሉት። ፎቶ ያንሡትና ለሰፈርዎ ሚሞሪ ጫኚ ይስጡት፤ ፋይሉ ላይ ስሙን እስኪጽፍም ቆመው ይጠብቁት።