ሲፎኑን በበጋ እዩት

ከይፋግ እስከ ወረታ አዲስ ቤት የሚያይ ሰው ዓይኑ ቀድሞ ሴራሚኩና ኮርኒሱ ላይ ያርፋል። የቧንቧ ሠራተኛው ሙያ የሚለየው ግን ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ ሲሉ ነው። እዚያ ያለው የታጠፈ ቱቦ፣ ሲፎኑ፣ ውሃ ያሳልፋል፤ ጥቂቱን ደግሞ ያስቀራል። የሴፕቲክ ታንኩን ጠረን ከቤት የሚያግደው ይኸው የቀረው ውሃ ነው። በፈረንጆች 1775 እንዲህ ያለ እጥፋት ላለው መጸዳጃ ለንደን ላይ የፈጠራ መብት ያወጣው አሌክሳንደር ከሚንግ ሰዓት ሠሪ ነበር። አይገርመኝም፤ ነገሩ የሚሊ ሜትር ሥራ ነው።

በእጥፋቱ የሚቆመው ውሃ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ባለሽብሽብ ተጣጣፊ ቱቦ ጠምዝዘው በሽቦ ያሰሩበት ከሆነ ሥራውን አልቀበልም፤ ዛሬ የያዘው እጥፋት ነገ ይዘረጋል፣ ሽብሽቡም ቆሻሻ ይይዛል። በፎገራ ወጥ ቤት ደግሞ የሩዝ እጣቢና የሊጥ ዝቃጭ የሚወርድበት ሲፎን ነውና በእጅ ተፈትቶ የሚታጠብ መሆን አለበት። ለመክፈት ግድግዳ የሚያስፈርስ ሲፎን፣ ምንም ቢያምር፣ የሰነፍ ሥራ ነው። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሲፎን ማከታተልም ጥንቃቄ አይደለም፤ መሃል የታፈነው አየር ውሃውን ያንቀዋል።

አፈሩንም አይርሱ። ዋልካው በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከቤት የሚወጣውን ቱቦ ያለ በቂ ንጣፍ የቀበረ ሠራተኛ የሰጠው ተዳፋት ዓመት አይቆይም።

እኔ ቤት የማየው በመጋቢት ነው። ብዙም ውሃ የማይፈስበት የእንግዳ መታጠቢያ ቤት የወለል ሲፎን በሙቀት ይደርቃል፤ በደረቀው በኩል አየሩ እንደ ልቡ ይገባል። በ2003 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሞይ ጋርደንስ በተባለው መኖሪያ ሳርስ ከ300 በላይ ሰው ሲይዝ፣ መርማሪዎች ከጠቆሟቸው መተላለፊያዎች አንዱ የደረቁ የወለል ሲፎኖች ነበሩ። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ነው።

ኤሲ በእኛ ሜዳ ብርቅ ነው፤ ባለበት ግን የሲፎኑ ነገር ይጠነክራል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ውሃውን ወደ ደጅ ካንጠባጠበ ያለ ሲፎን ይሠራል፤ ከፍሳሽ መስመር ጋር ካገናኙት ግን ጠረን እንዳይመለስ ሲፎን ይፈልጋል። ኮርኒስ ውስጥ በሚገባው ትልቁ ዓይነት ጉዳዩ ሌላ ነው። ማራገቢያው አየር ሲስብ የውሃው ሳህን የቆመው በመሳቢያው በኩል ስለሆነ፣ ሲፎን ከሌለ በፍሳሽ ቱቦው አየር ሽቅብ ይገባና ውሃውን ያግደዋል። የ250 ፓስካል ስበት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ ሲፎኑ ከዚያ መጥለቅ አለበት።

ለመፈተን መሰላል አያስፈልግም። ማሽኑ በደንብ ሲያቀዘቅዝ ቆይቶ የቱቦውን ጫፍ ይመልከቱ። ሲሠራ ጠብ ሳይል፣ ሲጠፋ ግን ግልብጥ ብሎ ከወረደ፣ ሲፎኑ ወይ የለም ወይ ደርቋል ወይ ጥልቀቱ አይበቃም፤ ቀሪውን ሒሳብ ሳይከፍሉ ሠራተኛውን ይጥሩት።