የእሳት እራት በጠዋት ብርሃን

በልጅነቴ ማታ ኩራዝ ሲለኮስ ከጨለማው እየበረሩ መጥተው የሚለበለቡትን "የእሳት እራት" እንላቸው ነበር። ስማቸው ከአሟሟታቸው የወጣ ነው። ጠዋት ከኩራዙ ሥር የምንጠርገው አመድ መሳይ ነገር ምን እንደነበረ ያየሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እንግሊዝ አገር፣ በጎረቤቴ ጓሮ ነው።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በሐምሌ፣ እዚያ በጋ ነውና፣ ማታ ማታ ጓሯቸው ውስጥ ደማቅ አምፖል ያለው ሳጥን ያኖራሉ፤ ውስጡን የእንቁላል ካርቶን ይደረድሩበታል። ወደ ብርሃኑ የመጣ ሁሉ በጠባቧ ቀዳዳ ወርዶ ካርቶኑ ላይ ተለጥፎ ያድራል። የሚቃጠል የለም። ጎህ ሲቀድ አንድ በአንድ አይተው፣ በደብተር መዝግበው ይለቋቸዋል። ብሪታኒያ ውስጥ የቢራቢሮው ዓይነት 59 ገደማ ነው፤ የእሳት እራቱ ግን ወደ 2,500 ይጠጋል። የትኛው የት እንደሚኖር በአብዛኛው የሚታወቀው እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ያለ ክፍያ በሚይዙት መዝገብ ነው።

አንድ ቀን ካርቶኑ ላይ የገባ ስባሪ ጭራሮ አይቼ ላነሳው እጄን ሰደድኩ። "ቆይ፣ ቀስ!" አሉኝ። ጭራሮው እግር ነበረው።

ባፍ ቲፕ ትባላለች። ሦስት ሳንቲሜትር ገደማ ናት። ክንፎቿን በሰውነቷ ላይ ጠቅልላ ስትቀመጥ በርች ከሚባለው ዛፍ የተቀነጠሰች እንጨት ትመስላለች፤ ጀርባዋ እንደ ዛፉ ቅርፊት ብርማ ግራጫ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ጫፏ ነው። እርጥብ እንጨት ሲሰበር ውስጡ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ይታያል። በክንፏ ጫፍ ላይ ልክ ያ ቀለም ክብ ሆኖ አርፏል፤ ጥግ ጥጉን ቀጭን ጥቁርና ቡናማ መስመር ይዞታል፣ የቅርፊቱ ጠርዝ መሆኑ ነው። በራሷ በኩል ደግሞ ደረቷን የሸፈነው ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ያንኑ ቢጫ ደግሞታል። ጭራሮዋ በሁለቱም ጫፍ ተሰብራለች ማለት ነው። አንዱ ጫፍ እንኳ ሳይጨረስ አልቀረም።

በአጉሊ መነጽር ሲታይ ይህ ሁሉ ዝርግ ዝርግ ቅንጣት ነው፤ ስንነካት ጣታችን ላይ የሚቀረው ዱቄት። አንዷ ቅንጣት የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ናት፣ የበቀለችውም ከአንዲት ሕዋስ ነው። እንደ ጣሪያ ሸክላ አንዷ በሌላዋ ላይ ተደርባለች። ስለዚህ ያ ቀጭን መስመር የተሰመረ አይደለም፤ ቅንጣት በቅንጣት የተሰደረ ነው።

በዚያው ሰሞን ጽጌረዳቸው ላይ ወርቅማ አረንጓዴ ጥንዚዛ አገኘን። አረንጓዴው ቀለም ሳይሆን የሽፋኑ ስስ ድርብርቦች ብርሃንን የሚመልሱበት አኳኋን ነው። ሲበርም እንደ ሌሎቹ ጥንዚዛዎች ክዳኑን አይከፍትም፤ በጎን ካለችው ጎድጓዳ ክንፉን መዞ ይነሣል።

የእሳት እራት እሳቱን የምትዞረው ጓጉታ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ግን በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ሌላ ነገር አሳየ። ሌሊት ከምድሩ ይልቅ ሰማዩ ስለሚደምቅ፣ ነፍሳቱ ጀርባቸውን ወደ ብርሃን አድርገው ሚዛናቸውን ይጠብቃሉ። ለግንበኛ ውሃ ልክ የሆነው ለእነሱ ሰማይ ነው። ኩራዝ ሲበራ ውሃ ልኩ ይዛባል፤ ጀርባቸውን ለነበልባሉ እየሰጡ ሲሽከረከሩ ያድራሉ።

ባፍ ቲፗን ያየን ጠዋት፣ ወፎች ሳጥኑ አጠገብ ነፍሳት መልቀም ስለለመዱ፣ ጎረቤቴ ወስደው አጥሩ ሥር ካለው በርች ላይ አስቀመጧት። ደብተራቸውን ሊሞሉ ዞር ሲሉ ቅርንጫፉን ስመረምር ቆየሁ። ከጭራሮዎቹ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት በእጄ መንካት ነበረብኝ። አልነካሁም።