ሰው የሌለበት ክፍል፦ ስለ ሐመርስሆይ ሥዕሎች

በሥነ ጽሑፍ ጥናት መቼት አብዛኛውን ጊዜ የገፀ ባሕርይ አገልጋይ ሆኖ ይታያል። ቤቱ የሚገለጸው ነዋሪውን ለማሳወቅ ነው። ነዋሪው ከታሪኩ ቢወጣ ቤቱ ምን ይቀረዋል? ጥያቄውን በብርቱ ያነሣው ደራሲ ሳይሆን ሠዓሊ ነው ማለት ይቻላል።

ዴንማርካዊው ቪልሄልም ሐመርስሆይ (1864–1916 እ.ኤ.አ.) ከ1898 እስከ 1909 ኮፐንሐገን ውስጥ ስትራንድጋዴ በተባለ ጎዳና፣ ቁጥር 30 በሆነ የኪራይ ቤት ከባለቤቱ ከኢዳ ጋር ኖሯል። የዚያኑ ቤት ክፍሎች እየደጋገመ ከ60 በላይ ሥዕሎች ሣለ። ቀለሙ ቁጥብ ነው፤ ግራጫ፣ ነጭ፣ ቡናማ። በብዙዎቹ ሥዕሎች ኢዳ ጀርባዋን ሰጥታ ትታያለች። በ1900 በተሣለው «በፀሐይ ጨረር የሚደንስ ብናኝ» ግን እሷም የለችም፤ ያለው መስኮት፣ በር፣ ወለሉ ላይ ያረፈ ብርሃንና ብናኝ ብቻ ነው።

ይህ ለእኛ ተመልካች ቀላል አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትውፊታችን ጻድቅ በሙሉ ፊት፣ ኃጥእ በጎን በአንድ ዐይን ይሣላል፤ ንባባችን ከዐይን ይጀምራል። ሐመርስሆይ መጀመሪያ ፊትን አዞረ፤ ሲቀጥል ሰውን ጨርሶ አስወጣ። የፍርዳችንን መነሻ ነሣን።

«ይህማ ኦና ቤት ነው» የሚል አይጠፋም። ሆኖም ኦና የሚባለው ባለቤቱ የሞተበት ወይም ጥሎት የሄደ ቤት ነው፤ ቃሉ ያለፈ ታሪክ አዝሏል። እንደ ፉሪ ባሉ የአዲስ አበባ ዙሪያ ሰፈሮች የሚታየው፣ ተሠርቶ ገና ሰው ያልገባበት ቤትም ባዶ ነው፤ ግን ኦና አይባልም፤ ታሪኩ አልተጀመረምና። የሐመርስሆይ ክፍል ከሁለቱም ይለያል። ሠዓሊው ራሱ ይኖርበታል፤ የቤት ዕቃውን ጥቂቱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ከሥዕሉ ያስወጣል። ባዶነቱ በቤቱ ላይ የደረሰ ጉዳት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተበጀ ቅርፅ ነው።

ባለቅኔው ሪልከ በ1904 ኮፐንሐገን ላይ ሐመርስሆይን አግኝቶት ነበር፤ ስለ እርሱ ሊጽፍ ያሰበውን ሐተታ ግን አልጻፈም። ታሪክ ብቻ የሚፈልግ ሐያሲ በእነዚህ ሥዕሎች ፊት የሚጨብጠው ያጣል። ስለሆነም ተማሪዎቻችን በልብ ወለድ ውስጥ ሰው ከቤት ከወጣ በኋላ የሚቀጥለውን የክፍል ገለጻ «ማስዋቢያ ነው» ብለው ከመዝለላቸው በፊት፣ ብርሃኑ የት እንዳረፈ፣ የትኛውስ በር እንደተከፈተ ሊጠይቁ ይገባል። ደራሲው በሰዎቹ አንደበት ያላለውን በዚያ ብሎት ሊሆን ይችላልና።