ስላለፉት ሰምተናል፣ የወደቁት የት ይሂዱ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር እኛ በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የምንከራከረው በአንድ ቁጥር ላይ ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ የሚሆኑት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ አመጡ። ገሚሳችን «ትውልዱ አለቀለት» እንላለን፣ ገሚሳችን «ኩረጃ ቀረ፣ እሰየው!» እንላለን። ለመሆኑ የቀሩት የት ገቡ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላየሁም።

እኔም አልጠየቅኩም ነበር፣ የእህቴ ልጅ እስክትደውልልኝ ድረስ። በ2017ቱ ፈተና ከተቀመጡት 585,882 ተማሪዎች ያለፉት 48,929 ናቸው። እሷ ካላለፉት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች አንዷ ናት። ሪሚዲያል ለሚሉት የአቅም ማሻሻያም አልበቃችም። «ጋሼ፣ አሁን ምን ልሁን?» አለችኝ። ሳላስብ «ድገሚው፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» አልኳት። «እሺ፣ ደግሜ ብወድቅስ?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ።

በፈተናው መጥበቅ ቅሬታ የለኝም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አፈትልኮ የተሰረዘበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ቁጥጥሩን ሊነቅፍ አይችልም። ነገር ግን በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። አንድ ፋብሪካ ከ100 ዕቃ 91ዱን መውጫው በር ላይ ቢጥል ተቆጣጣሪውን ሸልመን አንሄድም፣ ወደ ማምረቻው እንመለሳለን እንጂ። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህ የልጆቹ ስንፍና ነው?

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ብዙ ጉድለት ነበረበት። ሆኖም ልጁ በ10ኛ ክፍል ተፈትኖ ወይ ወደ መሰናዶ ወይ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። እኛ ያኔ «ልጆቹን ለሥራ አጥነት አሠለጠኗቸው» እያልን ጻፍን፣ በከፊልም እውነት ነበር። የ10ኛ ክፍል ፈተና ሲቀር ግን ያ መንታ መንገድ አብሮ ተዘጋ። አሁን ልጁ መንገዱ እንደማያወጣው የሚያውቀው በ18 ዓመቱ፣ መንገዱን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ለመንግሥት ሰጥቼ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ነገር ግን የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ «ኤሌክትሪክ ሥራ መማር እፈልጋለሁ» ስትለኝ ደነገጥኩ። እናቷማ «ጎረቤት ምን ይለኛል!» ብላ አለቀሰች። ብረት የሚቀጠቅጠውን ቡዳ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን ያደግንበት ንቀት ዲግሪ ይዘን፣ ውቅያኖስ ተሻግረንም አልለቀቀንም ማለት ነው።

እስቲ እዚህ ያለውን እንይ። አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙያ የሚማር ወጣት ብዙውን ጊዜ አራት አምስት ዓመት ከባለሙያ ሥር ደመወዝ እየተከፈለው ይሠራል፣ ከዚያ ፈቃድ ያወጣል። ጀርመኖች ልጁን ሳምንቱን ከፍለው ፋብሪካም ትምህርት ቤትም ያውሉታል። እኛስ ራሳችን? ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራን፣ ታክሲ እየነዳን፣ ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የገባን ስንቶቻችን ነን? ሁለት ዓመት እዚያ ተምረን ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንዛወር ማንም «ወደቀ» አላለንም። ልጄ ገና 9ኛ ክፍል ሳለ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ጠርታ «ምን ትወዳለህ?» ብላዋለች። የእህቴን ልጅ በ12 ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው የለም፣ እኔንም ጨምሮ።

ለራሳችን ሁለተኛ ዕድል ስንፈቅድ እዚያ ላሉት አንድ በር ብቻ ማሳየታችን በኔ እምነት ግብዝነት ነው። ለተማርንበት ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር መላክ መልካም ነው። ከዚያ ይበልጥ ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ልጆችን የሚያማክር አንድ ሰው ደመወዝ ብንችል፣ ያውም በየወሩ በስልክ ስለ ሥራችን እውነቱን ብንነግራቸው ይጠቅማል። መንግሥትም ከሙያ ትምህርት ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግረውን በር በወረቀት ሳይሆን በተግባር ሊከፍተው ይገባል።

የእህቴ ልጅ ለኤሌክትሪክ ሙያ ተመዝግባለች። እናቷ ለጎረቤት የምትለው «ኮሌጅ ገባች» ነው። እኔም ለጓደኞቼ እንዲሁ ስል ራሴን ያዝኩት።

ቸር ይግጠመን።