«ጀልባ»፣ «ደረጃ» እና «ጠረፍ»፦ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

በሐይቆች ላይ የሚካሄደውን የመጓጓዣ ሥራ፣ የማረፊያ ስፍራዎችን አያያዝና የዳርቻን አጠባበቅ የሚመለከት አንድ የመመሪያ ትርጉም ለአስተያየት ደርሶን ተመልክተነዋል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ የተስተካከለ፣ ሰዋስዉም እንከን የማይወጣለት ነው። ተርጓሚው ደክሟል፤ ይህን ሳንመሰክር ማለፍ አይገባንም። ይሁን እንጂ ረቂቁን ጣና ዳር ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው መንግሥት ማንን እንደሚያዝና ምንን እንደሚከለክል በግልጽ አይታወቀውም። ጕድለቱ ያለው በዐረፍተ ነገሩ ሳይሆን በስያሜዎቹ ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ «ጀልባ»ን እንውሰድ። ምንጩ ጽሑፍ የሚጠቀምበት ቃል በውኃ ላይ የሚሄደውን መጓጓዣ ሁሉ፣ ታናሹንም ታላቁንም የሚጠቀልል የወል ስያሜ ነው። ረቂቁ ይህን ሁሉ «ጀልባ» ብሎታል። በጣና ግን ሦስት ነገሮች በሦስት ስም ይጠራሉ፤ እነዚህም ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ፣ በመቅዘፊያ ወይም በሞተር የሚሄደው ጀልባ፣ ብዙ ሰውና ጭነት የሚይዘው መርከብ ናቸው። በጀልባና በመርከብ መካከል ያለው ወሰን እንኳ የጠራ አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ ወደ ባሕር ዳር የተጓጓዘችውን ጣናነሽ ፪ አንዱ ዜና ጀልባ፣ ሌላው መርከብ ሲላት ሰምተናል።

የታንኳው ጕዳይ ግን ከዚህ ይከብዳል። «ማንኛውም ጀልባ ይመዘገባል፤ በጎኑም ላይ ቍጥር ይጻፍበታል» የሚለውን አንቀጽ የዘጌ ባለታንኳ ቢሰማ «እኔን አይመለከትም» ብሎ ያልፈዋል። ተቈጣጣሪው ደግሞ «ታንኳም ያው ጀልባ ነው» ብሎ ሊይዘው ይችላል። ሁለቱም አማርኛ ዐዋቂዎች ናቸው፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ታንኳ ውኃ በጠጣ ቍጥር እየከበደ ስለሚሄድ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ዕድሜውም አጭር ነው፤ ደንገሉ ሲበሰብስ ሌላ ይታሰራል። እንዲህ ባለው ነገር ላይ ቍጥር መጻፍ የሚያስገኘውን ጥቅም ሕግ አውጪው ያስብበት፤ እኛ የምንለው ሕግ አውጪው ያልወሰነውን ጕዳይ ተርጓሚው በአንድ ቃል አይወስንበት ነው።

ረቂቁ በአንድ ስፍራ ታንኳን «ባህላዊ ጀልባ» ብሎ ሰይሟል። ይህን አንቀበለውም። የራሱ ስም ያለው፣ የራሱ አሠራር ያለው ነገር ለምን የሌላ ነገር ጭፍራ ይሆናል? የወል ስያሜ ካስፈለገ፣ ማስፈለጉም አያጠራጥርም፣ «ተንሳፋፊ መጓጓዣ» ቢባል ይሻላል እንላለን። «ተንሳፋፊ» ብቻውን አይበቃም፤ እምቦጭም ይንሳፈፋል። ከዚያም በትርጓሜው አንቀጽ ታንኳ፣ ጀልባና መርከብ እየተለዩ ቢገለጹ የትኛው ግዴታ ማንን እንደሚመለከት ለመጻፍ ይቻላል።

«ባሕር» የሚለውም ቃል የዚሁ ዐይነት ችግር አለበት። በ1952 ዓ.ም. የባሕር ሕግ ሲታወጅ አገሪቱ ምፅዋንና አሰብን የያዘች ስለ ነበረች ቃሉ ቀይ ባሕርን እንደሚያመለክት የሚጠራጠር አልነበረም። ከ1985 ዓ.ም. የኤርትራ ነጻነት ወዲህ ግን ለኢትዮጵያ የቀሯት ሐይቆችና ወንዞች ናቸው፤ የአገሬው ሰውም ጣናን ከጥንት ጀምሮ ባሕር ይለዋል፤ የባሕር ዳር ስም ራሱ ምስክር ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 549 «የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር» የሚለውን ስም መያዙ ለጆሯችን ባይጥመንም ከዚህ አሻሚነት ማምለጡን መካድ አንችልም። ረቂቁ ግን «ባሕር»ንና «ሐይቅ»ን በአንድ ገጽ ላይ እያፈራረቀ ይጠቀምባቸዋል፤ አንዱን ይምረጥ። «ወደብ»ም ከውኃ እየራቀ ነው፤ የሞጆ ደረቅ ወደብ ከጅቡቲ ባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀ የኮንቴይነር ሰፈር ነው። በመሆኑም ለትናንሽ መውረጃና መሳፈሪያ ቦታዎች ረቂቁ «ማረፊያ» ማለቱን እንደግፋለን።

«ደረጃ» ደግሞ ከመለመዱ የተነሣ ማንም የማይጠረጥረው ቃል ነው። «የጀልባ ደረጃ» ሲባል ተራው አንባቢ የሚያስበው አንደኛ ደረጃና ሁለተኛ ደረጃን ነው፤ የሚከፈለው ዋጋና የመቀመጫው ምቾት ይታየዋል። ጽሑፉ ግን የሚናገረው ጀልባው ሳያሟላ ከዳር መነሣት ስለማይፈቀድለት ዝቅተኛ ግዴታ ነው። «የብቃት መሥፈርት» ቢባል ይህ ግራ መጋባት ይወገዳል። ከመሥፈርቶቹም አንዱ፣ በጀልባው ጎን ላይ የሚሣለውና ጭነቱ ከዚያ በላይ እንዳያሰምጠው የሚያስጠነቅቀው ምልክት፣ በረቂቁ «የጭነት መስመር» ተብሏል፤ ይህ በአማርኛ የጭነት መኪና የሚመላለስበት መንገድ ነው። «ውኃ ልክ» እንዳንል ቃሉን ግንበኞች ቀድመው ወስደውታል። «የጭነት ወሰን ምልክት» ይበቃል። ይህ ምልክት በእንግሊዝ አገር በሳሙኤል ፕሊምሶል ጥረት እ.ኤ.አ. በ1876 በሕግ ግዴታ ሲሆን፣ በመርከቡ ጎን ላይ የት እንደሚሣል ሕጉ ስላልወሰነ እያንዳንዱ ባለ መርከብ በመረጠው ቦታ ያሠምረው ነበር፤ ቦታው የተወሰነው በ1890 በወጣ ሌላ ሕግ ነው። እነዚያ ዐሥራ አራት ዓመታት ትርጓሜ ለሌለው ስያሜ ጥሩ ምሳሌ ይመስሉናል።

ከሁሉ ያሳዘነን «የጠረፍ ጥበቃ» የሚለው ምዕራፍ ነው። ጠረፍ ቀድሞ የባሕር ዳርቻንም የአገር ድንበርንም ይገልጽ ነበር፤ ዛሬ ግን «ጠረፍ ጠባቂ» ሲባል ጠመንጃ የያዘ ወታደር ይታየናል እንጂ የሚሸረሸር አፈር አይታየንም። ምዕራፉ የሚናገረው ስለ ዳርቻ መናድ፣ ስለ ደንገልና ስለ ሣር መመንጠር፣ እስከ ውኃው አፍ ድረስ ስለ ማረስ ነው። ለዚህ የሚሆን ቃል ከሩቅ መፈለግ አላስፈለገም ነበር፤ በጣና ዙሪያ ያለ ገበሬ ውኃው ወደ ኋላ ሲመለስ የሚገለጠውን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ ከተሠራ በኋላ የጣና ከፍታ በግድቡ አከፋፈትም የሚወሰን ሆኗል፤ በ1995 ዓ.ም. ድርቅና የውኃው መለቀቅ ተደርበው ሐይቁ እጅግ በመውረዱ የመርከብ ጕዞ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ባሕር ሸሹ ይሰፋል፤ ይታረሳል፤ ደንገሉም ይጠፋል። ደንገል ሲጠፋ ዳርቻው ይራቈታል፤ ታንኳ ሠሪውም የሚያስረው ያጣል። እንግዲህ መጓጓዣውና ዳርቻው በአንድ ተክል የተያያዙ ሆነው ሳለ ረቂቁ አንዱን ያለ ስሙ «ጀልባ»፣ ሌላውን ያለ ስሙ «ጠረፍ» ብሎ ለያይቷቸዋል።

ስለዚህም የምዕራፉ ርእስ «የዳርቻ እንክብካቤ» እንዲሆን፣ «ባሕር ሸሽ» በትርጓሜው አንቀጽ ውስጥ ገብቶ ከየት እስከ የት እንደሆነ እንዲወሰን፣ በረቂቁ «ባፈር ዞን» ተብሎ የቀረውም «የማይታረስ ዳርቻ» ተብሎ በግልጥ እንዲጻፍ ሐሳብ አቅርበናል። ተርጓሚው «ባሕር ሸሽ የገበሬ ቃል ነው፤ ለሕግ አይመጥንም» የሚል መልስ ሰጥቶናል። መመሪያው ከማረስ ሊከለክለው ያሰበው ግን ያንኑ ገበሬ ነው።