ሴቶቹ ተቆጥረዋል፤ ቫልቫቸውስ?

በአገራችን ወጣቶች ልብ ውስጥ የሚገጠመው በአብዛኛው የልብ ምት የሚያስተካክል ባትሪ ሳይሆን በሪውማቲክ የልብ ሕመም የተበላሸውን የሚተካ ቫልቭ ነው። ስለዚህ በዚሁ ሕመም ላይ የተሠራው «ሬሜዲ» የተባለው ጥናት ከሌሎች የልብ ጥናቶች ሁሉ ይቀርበናል። በደቡብ አፍሪካዊቷ ሐኪም ሊዝል ዙልከ ቀዳሚ ጸሐፊነት የመጀመሪያው ጽሑፍ በ2015 እ.ኤ.አ.፣ ተከታዩ በ2016 ታትሟል። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ከሕንድና ከየመን 3343 ሕሙማንን መዝግቧል። 66.2 በመቶዎቹ ሴቶች ናቸው፤ የሕሙማኑ ሁሉ መካከለኛ ዕድሜ (ሚዲያን) 28 ነው።

የጥናቱ ትልቁ ብርታት ጉድለትን ሳይሸፍን መቁጠሩ ነው። የደም ማቅጠኛ ከታዘዘላቸው ውስጥ ደማቸው በሚፈለገው ልክ የተገኘው 28.3 በመቶው ብቻ ነው። መውለድ በሚችሉበት ዕድሜ ካሉት 1825 ሴቶች የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 3.6 በመቶ ናቸው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲነበቡ ያስደነግጣሉ። የብረት ቫልቭ ደም እንዳይረጋበት ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ይፈልጋል፤ ዋርፋሪን ደግሞ ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት አካሉን ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱ ቢቋረጥ ቫልቩ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል። ከእንስሳ የሚሠራው ቫልቭ ዋርፋሪንን ዕድሜ ልክ ባይጠይቅም በወጣቶች ላይ ቶሎ ስለሚያረጅ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል። ይህ ምርጫ ወንዱን በዚህ መልኩ አያስጨንቀውም።

ጥናቱ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ተከታዩ ጽሑፍ በሁለት ዓመት ውስጥ 500 ሕሙማን መሞታቸውን፣ ሌሎች ምክንያቶች ከግምት ገብተው የሴቶቹ የመሞት ስጋት ከወንዶቹ በ35 በመቶ ማነሱን ይነግረናል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ያዘናጋል። ቫልቭ የተገጠመላትንና ያልተገጠመላትን፣ ያረገዘችውንና ያላረገዘችውን በአንድ ላይ ደምሯል። መዝገቡም የሚጀምረው ከሆስፒታል ደጅ ነው፤ ሳትደርስ በወሊድ የሞተችው አልተቆጠረችም።

በጀልዱ ወረዳ፣ ጎጆ ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት እናስብ። ቫልቩ የሚገጠመው አዲስ አበባ ነው፤ ኑሮዋ ግን እዚያው ጎጆ ውስጥ ይቀጥላል። የደም ምርመራው በየጊዜው መደገም አለበት፤ በጾም ወራት ጎመን ሲበዛ እንኳ የዋርፋሪን ጉልበት ይቀንሳል። እርግዝና ሲጨመርበት የልብ ሐኪሙና አዋላጇ መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል።

በጾታ ለይቶ መጠየቅ ምን እንደሚያስገኝ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። የልብን ግራና ቀኝ ምት ከሚያቀናጀው መሣሪያ ጋር በተያያዘ የ4076 ሕሙማንን መረጃ እንደገና መረመሩ፤ ሴቶቹ 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። የግራው የኤሌክትሪክ መስመር በተዘጋባቸውና በልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ ላይ የሚታየው የምት ሞገድ (QRS) ከ130 እስከ 149 ሚሊ ሰከንድ በሚቆይባቸው ሴቶች ላይ፣ ዲፊብሪሌተር ብቻ ከተገጠመላቸው ጋር ሲነጻጸር፣ ምት አቀናጁ መሣሪያ የልብ ድካም ወይም የሞት ስጋትን በ76 በመቶ ቀነሰ። በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉ ወንዶች የጎላ ጥቅም አላገኙም።

ጥቂት ሴቶችን ይዞ ይህን ያህል ማወቅ ከተቻለ፣ ሁለት ሦስተኛው ሴት የሆነበት መዝገብ ከዚህ የበለጠ ሊነግረን በተገባ ነበር። «ሬሜዲ» መሠረት የጣለ ሥራ ነው፤ የልብ ሕክምና ባለሙያ ሁሉ ሊያነበው ይገባል። ከእሱ ቀጥሎ የሚከፈት መዝገብ ግን የቫልቩን ዓይነት፣ የደም ምርመራውን ውጤትና የእርግዝናውን ፍጻሜ ለይቶ ካልያዘ፣ ለጎጆዋ ሴት የሚመልስላት ጥያቄ አይኖረውም።